ባለቤት ሄደዋል

ሰኞ 3

ወሰንኩ። ቆጣሪ አንባቢ እሆናለሁ።

ተጽፎ ሲታይ ያስቃል። ታላቅ ወንድሜም ስቋል። ማተሚያ ቤቱ ተዘግቶ ሥራ ከፈታሁ ወዲህ ሦስት በር ተከፍቶልኝ ነበር። አንዱ ባንክ ነው፣ መስኮት ጋ ተቀምጦ የሰው ብር መቁጠር። ሁለተኛው ከደላላው ጓደኛዬ ጋር ቤት ማሻሻጥ። «ጨርሰው» ነው የምንለው፣ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። ሦስተኛው የውሃ መሥሪያ ቤት ነው፣ ሠፈር ለሠፈር እየዞሩ በየግቢው ያለውን የውሃ ቆጣሪ እያነበቡ መመዝገብ። ወንድሜ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው የሰው ቧንቧ ሥር ልታጎነብስ ነው ወይ አለኝ። አልገባውም። ባንክ ብቀመጥ የማየው ብር ነው እንጂ ቤት አይደለም። ከጨርሰው ጋር ብውል ቤት አያለሁ፣ ግን የወር ደመወዝ የሌለውን ሰው አበዳሪ ዞር ብሎም አያየው። የውሃው ሥራ ሁለቱንም ይሰጠኛል። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ይገባል፣ ከሰዓት በኋላዬ የራሴ ነው፣ ከሁሉም በላይ ለማንም የማይከፈት በር ለእኔ ይከፈታል። ጣሪያው የሚያፈሰውን፣ ግድግዳው የተሰነጠቀውን፣ ባለቤቱን የሰለቸውን ቤት ከደላላ ቀድሜ አውቃለሁ ማለት ነው። አንድ አሮጌ ቤት እገዛለሁ፣ አድሳለሁ፣ አከራያለሁ፤ ኪራዩ ሁለተኛውን ይገዛልኛል። ከዚያ ወዲያ ማን ይይዘኛል!

ያልሳቀችው ባለቤቴ ብቻ ናት። ማታ ከሥራ ስትመለስ የዝናብ ቦት ጫማ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ቁጥሬን ሳትጠይቀኝ ልክክ አለልኝ። «ባለ ቤቱ» ብላ ነው የምትጠራኝ፣ አንዲት ክፍል እንኳ ሳይኖረኝ። ባለ ቤቱ መጡ፣ ለባለ ቤቱ ወንበር አምጡላቸው ትላለች፣ የሚያመጣ ሌላ ሰው ያለ ይመስል። ስትለኝ ደስ ይለኛል።

ሐሙስ 6

እግሬ አለቀ። ውሻ ሁለቴ አባረረኝ። ቦቱ ባይኖር ዛሬ ሐኪም ቤት ነበር የማድረው።

ግን አንድ ነገር ገባኝ። ቁጥሩ ካለፈው ወር ያልተንቀሳቀሰ ቆጣሪ ካለ እዚያ ቤት ሰው የለም። መጋረጃ ይሰቀል፣ መብራት ይብራ፣ ውሃ አይዋሽም። ባዶ ቤት ደግሞ የሚሸጥ ቤት ነው። ይህን ለባለቤቴ በጉራ እየነገርኳት እሷ ድስት ታጥባለች። «የእኛስ ቧንቧ? ሌሊት ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል አይሰማህም?» አለችኝ። የሰው ቤት ነው፣ አከራያችን ይሥራው አልኳት። ኋላ ግን አሳዘነችኝና እሑድ እሠራዋለሁ አልኩ።

እሑድ 9

አልሠራሁትም። ጨርሰው ሦስት ቤት አሳየኝ፣ ሦስቱም እንኳን ሊገዙ ሊታዩም የማይገባቸው። ስመለስ ብቻዋን በልታ ተኝታለች። የእኔን ከድናልኛለች።

ረቡዕ 12

አገኘሁት። አገኘሁት! ሰማያዊ በር ያለው ቤት። ከፊት አራት ክፍል፣ ከጓሮ ሁለት። ጣሪያው ዝጓል፣ የጓዳው ግድግዳ ውሃ ጠጥቷል፣ መሠረቱ ግን ንቅንቅ አይልም፣ በእጄ እየደበደብኩ ዞርኩት። አንዲት እማማ ብቻቸውን ይኖሩበታል። ቆጣሪያቸውም ይመሰክራል፣ የሚዞረው ለአንድ ሰው ነው። ከጎረቤት ያለው የትልቁ ግቢ ዘበኛ እንደነገረኝ ሌላ ከተማ ያለች ልጃቸው ልትወስዳቸው ሞት ሽረት እያለች ነው። ይሄዳሉ፣ መቼ እንደሆነ ነው እንጂ አለኝ። የቤቱ ባለቤት የሄዱ ቀን ይሸጣል። ለጨርሰው ብነግረው «ጨርሰው!» ብሎ ጮኸ።

ዓርብ 14

ማታ ከራት በኋላ የሰማያዊውን በር ቤት በወረቀት ስዬ ባለቤቴ ፊት ዘረጋሁ። ከፊት ያሉት ሁለቱ ለአንድ ቤተሰብ፣ ከጎናቸው ያሉት ሁለቱ ለሠራተኞች፣ የጓሮዎቹ ለተማሪዎች። አንድም ጥግ ሥራ አልፈታም። ጣቷን ወረቀቱ ላይ ከክፍል ክፍል ስታዞር ቆየችና የእኛ የቱ ነው አለች።

አስረዳኋት። የመጀመሪያ ቤት አይኖሩበትም፤ የሚኖርበት ሰው ገንዘቡን ቀበረው ማለት ነው። እኛ እዚሁ ኪራይ ቤታችን እንቆያለን። ሁለተኛው ሲገዛም እንቆያለን። ምናልባት በአራተኛው ላይ። ወረቀቱን እኔ ባጠፍኩበት መስመር አጥፋ መለሰችልኝ። «እሺ ባለ ቤቱ» አለች። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ወዳዋለች መሰለኝ፣ ጣቷ እዚያ ላይ ቆሞ ነበር። እሱን ነው ለተማሪ የመደብኩት፣ ብርሃን ያለው ክፍል ኪራዩ ይወደዳል።

ማክሰኞ 18

ዛሬ ባለቤቴ በዳንስ ነው የገባችው ማለት ይቻላል። የምትሠራበት ሆስፒታል ሩቅ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቷል፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ አንቺ ሁኚ ብለዋታል። እስከሚቀጥለው ወር አሥር ድረስ መልስ ትሰጣለች። «ቤትም ይሰጡኛል» አለችና ፊቴን አየች፣ እንደሚስቅ ሰው። እንኳን ደስ ያለሽ አልኩ፣ ሳምኳት። ከዚያ ለቤቱ የምበደርበት ባንክ ትዝ አለኝ።

የባንኩ ሰው በግልጽ ነግሮኛል፤ ብድሩ በሁለታችን ደመወዝ ነው፣ ሁለታችንም ካለንበት ሥራ ንቅንቅ ማለት የለብንም፣ ከተነቃነቅን ሁሉም ነገር ከሀ ይጀምራል። ይህንኑ ነገርኳት። ቢያንስ ብድሩ እስኪጸድቅ ቆዪ አልኳት። ቤቱም ቢሆን የመሥሪያ ቤት ቤት ነው፣ ያንቺ አይደለም አልኳት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«እዚህ እንዲቀርልህ የፈለግከው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ደመወዜ?»

ሳቅኩ። ሁለታችሁም አልኳት። ቀልድ መስሎኝ ነው። አሁን ስጽፈው ያን ያህልም አያስቅም።

ሐሙስ 20

ዝናብ። የብድሩ ማመልከቻ ገባ። ባንክ፣ ሥራ፣ ባንክ። ምሳ አልበላሁም። ቧንቧው አሁንም ጠብ ጠብ።

እሑድ 23

የባለቤቴ ታናሽ እህት መጥታ ነበር። እኔ ደጅ ቦቴን ከጭቃ አጸዳለሁ፣ እነሱ ውስጥ ናቸው። በሩ ገርበብ ብሏል።

«አትሂጂ ብሎሻል?» አለች እህቷ።

«ስለ ባንኩ ነግሮኛል» አለች ባለቤቴ።

ቦቴን ከደረጃው ጋር አጋጭቼ እንደመጣ ሰው ድምፅ አሰማሁና ገባሁ። እህቷ ሰላም ያለችኝ በግማሽ እጇ ነው። ምን አደረግኋት? ስለ ባንኩ መንገሬ እውነት ነው፤ ካልነገርኳት ነበር የሚከፋው። በእርግጥ አትሂጂ አላልኳትም። ሰው የዕድገቷን መንገድ ዘጋ እንዲለኝ አልፈልግም፣ ለዚያ ነው። ደግሞስ ቆዪ ማለቴ አትሂጂ ማለት አይደለም እንዴ?

ረቡዕ 26

ስልኬ ዝናብ ገባባትና ሞተች። ጠጋኙ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ይላል፣ ዕቃዋ የለም። ለሁሉም የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ሰጠሁ፤ ለጨርሰው፣ ለባንኩ፣ ለትልቁ ግቢ ዘበኛ፣ ለእኛ ግቢ ዘበኛም። የእኛ ሰውዬ እንደሆኑ ከአክብሮት ብዛት ድመቷን ራሷን «ይውጡ» ነው የሚሏት።

መሥሪያ ቤት ስልክ የምትቀበለው ልጅ «በአጭሩ» ትባላለች። ሰው ግማሽ ሰዓት ቢያወራት በሦስት ቃል ነው የምታቀብልህ። ትናንት የአንዱ ባልደረባችን እናት ደውለው ስለ ጤናቸው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ልጅ ልጁ አውርተው «በአጭሩ፣ እናትህ ደህና» ብላው ሄደች። ሥራ በዝቶባታል፣ አይፈረድባትም። የሰማያዊው በር ባለቤት ከሄዱ ዘበኛው ይደውልልኛል፣ እንዳትረሺ ብዬ አደራ አልኳት።

ዓርብ 5

እማማ ዛሬ ቆጣሪ ለማየት ስገባ ቁጭ በል አሉኝ። ሻይ ሰጡኝ። እየቃኘሁ መሆኔን ያወቁብኝ ይመስለኛል፣ ዓይኔ ከጣሪያው አልወርድ ብሏል።

«ባለቤትስ?» አሉኝ። ገና ነኝ፣ ባንኩ አልጨረሰልኝም አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ስለ ሚስትህ ነው የምጠይቅህ አሉኝ። አፈርኩ። አለችኝ አልኩ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት አልኩ፣ ጎበዝ ናት አልኩ። ይዘሃት ና፣ ቤቱ ለሚኖርበት ሰው ካልሆነ ለማንም አልሰጥም አሉ። እሺ አልኳቸው። እኛ እንደማንኖርበት አልነገርኳቸውም። ሰው ቤቱን በሚሸጥበት ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም።

በመንገድ ላይ «ገና ነኝ» ማለቴ ትዝ እያለኝ ስስቅ ነበር። ለባለቤቴ ነግሬ ላስቃት ብዬ ገባሁ፣ ተኝታለች።

እሑድ 7

ሰማያዊውን በር ላሳያት ቀጠሮ ይዘን ነበር። ውሃ ሰማያዊውን ቀሚሷን ለበሰች። ከበሩ ጋር እንድመሳሰል ነው አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ቀለደች። ልንወጣ ስንል ጨርሰው በር ላይ ቆሞ አገኘነው፣ ሌላ ገዢ ብቅ ብሏል፣ አሁኑኑ ሄደን ካላነጋገርነው ቤቱን እናጣዋለን አለ። መጣሁ ብያት ወጣሁ።

ሰውዬው ወሬኛ ነው፣ ሳንቲምም የለው። ስመለስ መሽቷል። ቀሚሷ መስቀያው ላይ ነው። ምናለ ብትቆጣኝ! ብትጮህብኝ እመልስ ነበር፣ ይወጣልን ነበር። ሻይ ላፍላልህ ወይ ነው ያለችኝ።

ማክሰኞ 9

ነገ መልስ ትሰጣለች።

ራት በልተን ሳህኑን ሳታነሳ ተቀመጠች። የምትለኝ ነገር አለ ወይ አለችኝ። እውነቱን ልጻፈው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ቃል ናት። አትሂጂ። ሕፃን ልጅ የሚለው ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን «ባንኩ በሚቀጥለው ሳምንት እጨርሳለሁ ብሏል» የሚል ነው። ራሷን ነቀነቀች። ሳህኑን አነሳች።

ጠዋት እነግራታለሁ። ከቤት ሳትወጣ።

ረቡዕ 10

ቀድማኝ ወጣች።

ማታ። እሺ ብያቸዋለሁ አለች። መቼ ነው አልኳት። በፈለጉኝ ቀን አለች። እንግዲህ መሥሪያ ቤት እንደሆነ አይቸኩልም፣ ወር ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ብድሩ ይጸድቃል፣ እማማም ይሄዳሉ፣ ቤቱ ይያዛል፣ ያኔ ልቤን ሰብሰብ አድርጌ እነግራታለሁ። አፏ ነው እንጂ ትታኝ አትሄድም።

ማክሰኞ 16፣ ምሳ ሰዓት

ቸኩያለሁ፣ ጽሕፈቴን እዩልኝ! ከመስክ ስገባ በአጭሩ በመስኮት ጠራችኝ። «ዘበኛው ደወለ። በአጭሩ፣ ባለቤት ሄደዋል። ዕቃም ወጥቷል። ቁልፍ እሱ ጋ።» አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝ። እማማ ሄዱ! ጨርሰውን ልጥራ። አሁኑኑ እሄዳለሁ። ማታ ለባለቤቴ ኬክ ይዤ እገባለሁ። ዛሬ ጠዋት የዝናብ ልብሴን አንገት ስትቆልፍልኝ ቆይታ ነበር፣ እንዳይመታህ እያለች፣ አንዱን ቁልፍ ሁለቴ ፈታ ሁለቴ ቆለፈችው። ታርቀናል መሰለኝ።

ማክሰኞ 16፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ካልጻፍኩት አላምነውም።

ኬኩን በግራ እጄ ይዤ ከጨርሰው ጋር ሰማያዊው በር ጋ ደረስን። ዘበኛው ዘንድ ለቁልፉ ከመሄዴ በፊት ለወጉ በሩን አንኳኳሁ። ተከፈተ። እማማ ናቸው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እጃቸው በሳሙና አረፋ ነጭ ሆኖ። ባለቤት ሄደዋል ብለው ደውለውልኝ ነው አልኩ። ኬኩን አዩ፣ ጨርሰውን አዩ።

«የእኔ ባለቤት ከሄዱ እኮ ስንት ዘመናቸው» አሉ። «ዛሬ ማን ደወለልህ?»

የትልቁ ግቢ ዘበኛ ከወዲያ ማዶ ሰምቶ፣ እኔ ለማንም አልደወልኩም አለ። ጨርሰው ልጅቷ ተሳስታ ነው፣ ተሳስታ ነው ይላል። ልጅቷ ግን ዘበኛው ነው ያለችኝ። ሁለት ዘበኛ ነው የማውቀው።

እማማ እጃቸውን በፎጣው አበሱና ጠጋ አሉኝ። «ያንተስ ባለቤት፣ ልጄ?»

ኬኩን እዚያው በራፋቸው ላይ ትቼ እንደሄድኩ ያወቅኩት ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

የግቢያችን ዘበኛ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ባለቤትዎ በሩ ላይ ብዙ ቆመው ነበር፣ መኪናው ጡሩንባውን ሲነፋባቸው ነው የሄዱት አሉኝ። ሁለቴ ወጥተው ሁለቴ ተመልሰው ገብተዋል፣ ምን ረስተው እንደሆነ አላውቅም አሉ። እኔ መሥሪያ ቤትዎ የደወልኩት ቢደርሱባቸው ብዬ ነው አሉኝ።

ቁም ሣጥኑ በእሷ በኩል ባዶ ነው። ውሃ ሰማያዊው ቀሚስ ብቻ ተሰቅሎ ቀርቷል። ራቴ ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ አለ። የከደነችበት ሳህን የራሷ ነው።

ቁጭ ብዬ ምን እንደጎደለ ማወቅ አቃተኝ። ኋላ ነው የገባኝ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቧንቧው አይንጠባጠብም። ሄጄ አየሁት፣ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ጎማ ቀይራ አሮጌዋን መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ትታልኛለች። በስንት ሰዓት ሠራችው? ዕቃዋን ጠቅልላ፣ መኪና እየጠበቃት፣ ለእኔ ቧንቧ ትሠራለች። አለቀስኩ፣ ምን ልዋሽ። እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

ሐሙስ 18

ብድሩ ጸደቀ። ሁለታችንም እንድንፈርም ይፈልጋሉ። የእሷ ሥራ መቀየሩን ገና አልሰሙም። ጨርሰው «በአውቶቡስ ሂድና አስፈርመህ ና፣ ጨርሰው» ይላል።

ከመሥሪያ ቤት ስልክ ደወልኩላት። ስለ ብድሩ ልነግራት ነው ያነሣሁት። ስለ ብድሩ! አይ እኔ። ድምፄን ስትሰማ ደህና ነህ ወይ፣ በልተሃል ወይ አለችኝ። በልቻለሁ አልኩ። ስለ ብድሩ አላነሣሁም፣ ይቺን ታህል እንኳ አፈርኩ። ቧንቧውን ሠራሽው አልኳት። አዎ አለች። የምሰማው ትንፋሿን ነው። የ«አትሂጂ» ጊዜ አልፏል፣ አሁን የቀረችው ቃል ሌላ ናት፣ እሷም አንድ ቃል ናት። ተመለሺ። በአጭሩ ስልኩን ፈልጋው አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች። እንግዲህ ደህና ሁኚ አልኳት።

ሰኞ 22

ለባንኩ ይቅርብኝ አልኩ። የባንኩ ሰው እብድ እንዳየ ሰው አየኝ። ጨርሰው ሰላምታ አቁሟል። እማማም ለልጃቸው አልሄድም ብለዋታል አሉ፣ ባለቤቴ ያሠሩትን ቤት ጥዬ የትም አልሄድም ብለው። ቤቱ አይሸጥም። ያን ሁሉ ስሯሯጥ የማይሸጥ ቤት ነበር ያባረርኩት። አልተናደድኩም፣ ለመናደድም ጉልበት ይጠይቃል።

ቅዳሜ 4

ደብዳቤ ልጽፍላት አራት ጊዜ ጀመርኩ። ስለ አየሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ውሾቹ። ያቺን ቃል ልጽፍ ስል እጄ ቀጥ ይላል። እህቷን መንገድ ላይ አገኘኋት። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አላት አለችኝ፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሰኞ 13

ዛሬ የእኛ ሠፈር ተራ ነበር። የራሴን በር በራሴ ቁልፍ ከፍቼ፣ እሷ በገዛችልኝ ቦት ግቢ ገባሁና ቆጣሪያችን ሥር አጎነበስኩ። እሷ ከሄደች ወዲህ ምሳና ራቴ ውጭ ነው፣ የምታጠበውም መሥሪያ ቤት ነው፤ ለእንቅልፍ ብቻ ነው የምገባው። ቁጥሩን አነበብኩ፣ እንደማንኛውም ቤት መዝገቤ ላይ አሰፈርኩና ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ በአጭሩ በመስኮት ጠራችኝ። በጣም ትንሽ የሚጠቀሙትን ቤቶች ኮምፒውተሩ ለይቶ ያወጣል፣ እሷ ደግሞ አንባቢውን እየጠራች ታጣራለች። የቤቱን ቁጥር ነገረችኝ። የማን እንደሆነ አታውቅም።

«በአጭሩ፣ ይሄኛው አልዞረም ማለት ይቻላል» አለች። «ሰው አለበት ወይስ የለበትም?»

አፌን ከፈትኩ። እዚያ ቤት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር እንደተናገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አለበት ብል ማን ልበላት? እኔ ነኝ ልበላት?

«ባለቤት ሄደዋል» አልኳት።

«ባዶ» ብላ ጻፈችና የሚቀጥለውን ቤት ጠራች።